ሰንጠረዥን ከጨርቁ ወደ ስልኩ ስለ ማሻገር

(በማኅበራችን የንግግር ምሽት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ ጨዋታ ነው። ባለፈው ወር ከዚሁ ቦታ ስለ ውሃ እጥረት የተሰጠውን ንግግር ላዳመጠ ሰው ይህ ርእስ የሥራ ፈቶች ወሬ መስሎ ሊታየው ይችላል። እኔም ብሆን ጸሐፊያችን ስሜን በዝርዝሩ ውስጥ ሲያገባው ትንሽ አፍሬ ነበር። ነገር ግን ስድስት ሆነን በጀመርነው አንድ ሥራ ምክንያት ሦስት ወር ሙሉ ስንከራከር ቆይተናል፤ ክርክሩም ወዳጅነታችንን እስከ መንካት ደርሷል። ስለዚህ ነገሩን በጓዳ ከምናብሰለስለው በእናንተ ፊት ማውጣቱ ይሻላል ብዬ ነው የመጣሁት።

ሥራው ይህ ነው። ሰንጠረዥን፤ ማለት አያቶቻችን በጨርቅ ላይ ዘርግተው ይጫወቱት የነበረውን የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ፤ በስልክና በኮምፒዩተር የሚጫወቱት የቪድዮ ጨዋታ ልናደርገው ተነሣን። ከስድስታችን አራታችን የኮምፒዩተር ተማሪዎች ነን፤ አንዷ የሒሳብ ናት፤ አንዱ የታሪክ ነው። ሲጀመር የሁላችንም ግምት ሥራው በሁለት ወር ያልቃል የሚል ነበር። ለምን ቢባል፤ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም በየቦታው ሞልቷል፤ ሰንጠረዥ ደግሞ የቼዝ ዘመድ ነው፤ የመጫወቻዎቹን አካሄድ ቀይሮ ሥዕሉን አሳምሮ ማውጣት ብቻ ነው የቀረን ብለን አሰብን። አሁን አምስተኛ ወራችንን ይዘናል።

ብዙዎቻችሁ ሰንጠረዥን በስሙ እንጂ በመልኩ አታውቁት ይሆናል፤ እኔም እስከ ዓምና ድረስ ከእናንተው ወገን ነበርሁ። ገበታው እንደ ቼዝ 64 ቤት አለው፤ ነገር ግን ቤቶቹ ጥቁርና ነጭ አይደሉም፤ በአንድ ወጥ ጨርቅ፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ፤ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር የተከፋፈሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ወገን አንድ ንጉሥ፥ አንድ ፈርዝ፥ ሁለት ፊል፥ ሁለት ፈረስ፥ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ንጉሡ፥ ፈረሱና ደሩ በቼዝ እንደምናውቃቸው ይሄዳሉ። ፈርዙ ግን በዛሬው ቼዝ ንግሥት የምትቆምበትን ቦታ ቢይዝም የንግሥቲቱ ኀይል የለውም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። ፊሉ፤ ማለት ዝሆኑ፤ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ በመካከል የቆመ ቢኖር አይከለክለውም። መደቁም ከመነሻው ሁለት ቤት የመራመድ መብት የለውም፤ አንድ አንድ እያለ ነው የሚሄደው።

ስለ ፊል አንድ ነገር ልጨምር፤ የሒሳብ ተማሪዋ ጓደኛችን በመጀመሪያው ሳምንት ያሳየችን ነው። አንድ ፊል ዕድሜውን ሙሉ ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። የአንዱ ፊል ስምንት ቤቶች ከሌላው ፊል ቤቶች ጋር ከቶ አይገናኙም፤ ስለዚህ በገበታው ላይ ያሉት አራቱ ፊሎች አንዱ ሌላውን ሊበላው አይችልም። አራቱ ተደምረው የሚደርሱበት 32 ቤት ነው፤ በቀረው 32 ቤት ላይ የቆመ ሰው ፊልን የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ከቼዝ ፕሮግራም እንዳለ የገለበጥነው የመጫወቻዎች ዋጋ በዚህ ምክንያት ሁሉ ከንቱ ሆነ፤ ኮምፒዩተራችንም ፊሉን እንደ ትልቅ ሀብት እያቀፈ ደሩን ያስበላ ነበር። ዋጋውን እንደ አዲስ አወጣንለትና ዳነ። ይህ ዓይነት ችግር ራስ ያሳምማል እንጂ ሰው አያጣላም።

ያጣላን አጀማመሩ ነው። በቼዝ ነጭ አንድ ይሄዳል፤ ጥቁር አንድ ይመልሳል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ተራ ይጠበቃል። ሰንጠረዥ ግን ተራ በሌለበት ነው የሚጀመረው፤ ይህም ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፤ የፈለጉትን ያህል ይሄዳሉ። አንዱ ፈረሱን ሲያወጣ ሌላው አይቶ መደቁን ይገፋል፤ ያን ያየ ደግሞ ፈረሱን መልሶ ደሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሠራውን ያፈርሳል፤ ያፈረሰውን ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚያበቃው ከሁለት አንዱ የመጀመሪያውን መጫወቻ ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ተራ ይገባል፤ ጨዋታውም እንደ ቼዝ አንድ በአንድ ይሆናል።

ይህን እኛ የፈጠርነው እንዳይመስላችሁ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዎልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል፤ የቼዝን ታሪክ የመረመረው ሃሮልድ መሬይም በ1913 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ራሱን የቻለ ጥናት አወጣ፤ የታሪክ ተማሪው ጓደኛችን ከመደርደሪያ አውጥቶ ያስነበበን ይህንኑ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ይወዱ እንደ ነበር በዚያ ውስጥ ይገኛል። እኔ ግን የነገሥታቱን ነገር ለእርሱ ትቼ ወደ ወረራው ልመለስ።

ኮምፒዩተር በተራ የሚኬድ ጨዋታን የሚወደው ለምን እንደ ሆነ በአጭሩ ልግለጽ። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1950 ባወጣው ጽሑፍ ኮምፒዩተር ቼዝ እንዴት ሊጫወት እንደሚችል አስረድቷል። ዐሳቡ እኛም በልባችን የምናደርገው ነው፤ «እኔ ይህን ብሄድ እርሱ ምን ይመልሳል? እርሱ ያንን ቢመልስ እኔ ምን አደርጋለሁ?» እያሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ መዘርዘር፤ ከጫፉም ላይ ሆኖ ማን እንደሚጠቀም መገመት። በ1997 ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ በብዙ ተሻሽሎም ቢሆን ሥሩ ይኸው ነበር። ይህ ሁሉ ስሌት «አሁን ተራው የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ መልስ አለ ብሎ ይነሣል። በወረራ ጊዜ ግን መልስ የለም። «የሁለቱም ነው» ብትሉት ዛፉ ቅርንጫፍ ማውጣቱን ትቶ ቁጥቋጦ ይሆንባችኋል።

እንግዲህ ከእኛ መካከል አንዱ፤ በሥራው ከሁላችን የሚበልጠው ጓደኛችን፤ «ወረራውን እናውጣው» አለ። ምክንያቱ ደካማ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በመጀመሪያ ከእርሱ ጋር ነበርሁ። እንዲህ ሲል አስረዳን፤ የእኛ ሰው ስልክ የሚይዘው መብራት በሚጠፋበት፤ ኔትወርክም በሚቆራረጥበት ቦታ ነው። በተራ የሚኬድ ጨዋታ ለዚህ ዓይነት ኑሮ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንዱ አዲስ አበባ ሆኖ ጠዋት አንድ ይሄዳል፤ ሌላው ደብረ ማርቆስ ሆኖ ኔትወርክ ሲያገኝ ማታ ይመልሳል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም፤ ጨዋታውም ሳምንት ቢፈጅ ይፍጅ። ወረራ ግን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሰዓት፤ በአንድ ቅጽበት፤ ሳይቋረጡ እንዲገናኙ ይጠይቃል። አንዱ ዘመድ ያለው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ቢሆን ደግሞ አስቡት። ወረራውን ካስቀረን ብዙ ሰው ይጫወተዋል፤ ካላስቀረን ጥቂት ሰው ይጫወተዋል። ሰንጠረዥ እየተረሳ ባለበት ጊዜ የቱ ይሻላል?

ይህ ሙግት ነው ሦስት ወር የበላን። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ሌሎች ሰዎች ጨዋታን ከገበታ ወደ ኮምፒዩተር ሲያሻግሩ ምን እንዳጋጠማቸው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እኔን ያስለወጠኝ ከፊሉ ይህ ነው።

ዲፕሎማሲ የሚባል ጨዋታ አለ። አለን ካልሃመር የተባለ አሜሪካዊ ፈጥሮት በ1959 ወጣ። በአውሮፓ ካርታ ላይ ሰባት መንግሥታት ይፋለማሉ፤ ዕጣ የለም፤ ዳይስም አይወረወርም። ተጫዋቾቹ በየጥጉ እየተጠሩ ይመካከራሉ፤ ይማማላሉ፤ ይዋሻሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ትእዛዙን በወረቀት ይጽፋል፤ የሁሉም ወረቀት በአንድ ጊዜ ይነበባል። ማን ቃሉን እንደ ጠበቀ፤ ማን እንደ ካደ በዚያች ሰዓት ይታወቃል። እንግዲህ አቫሎን ሂል የተባለው ድርጅት በ1984 ይህን ጨዋታ በኮምፒዩተር አወጣው። ካርታው ነበረ፤ ሠራዊቱ ነበረ፤ የትእዛዙ ስሌትም ነበረ። የቀረው በጥግ መመካከሩ ነው፤ በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ከሰው ጋር ተማክሮ፤ ሰውን አሳምኖ፤ የሰውንም ክሕደት ጠርጥሮ ሊጫወት አልቻለም። ደንቡ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ጨዋታው ቀርቶ ነበር ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ሜታ የተባለው ኩባንያ ሲሴሮ ብሎ የሰየመው ፕሮግራም በጽሑፍ እየተነጋገረ ከሰዎች ጋር ዲፕሎማሲ መጫወቱ የተነገረው በ2022 ነው፤ በ40 ጨዋታ ተሰልፎ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተጫወቱት መካከል ከላይኛው 10 በመቶ ውስጥ ገባ። ካርታውን ለማሻገርና ምክሩን ለማሻገር መካከል 38 ዓመት አለ ማለት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ስሩ ዘ ኤጅስ የሚባለውን ተመልከቱ። ቭላዳ ኽቫቲል የተባለ የቼክ ሰው በ2006 ያወጣው ነው፤ አንድን ሥልጣኔ ከጥንት ጀምሮ እስከ ዘመናችን ማሳደግ ነው ጨዋታው። በገበታ ላይ ሲጫወቱት እህሉን፥ ማዕድኑን፥ ሕዝቡን የሚያመለክቱ ትናንሽ ኩቦች ከሣጥን ወደ ካርድ፤ ከካርድ ወደ ሣጥን ይመላለሳሉ፤ በየተራው መጨረሻ ምርቱን መደመር፤ ቀለቡን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ሦስትና አራት ሰው ሲሆን ብዙ ሰዓት ይፈጃል። በ2017 በስልክና በታብሌት ሲወጣ ያ ሁሉ የግምጃ ቤት ሥራ ለኮምፒዩተሩ ተሰጠ። ማንም ሰው «ኩቦቼን መቁጠር ናፈቀኝ» ብሎ የሚያለቅስ አይመስለኝም። ቆጠራው የጨዋታው ሎሌ እንጂ ጌታ አልነበረምና፤ ሎሌው ቢሰናበት ቤቱ አይፈርስም።

እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው ነው ጥያቄያችንን በተሳሳተ መንገድ ጠይቀን እንደ ነበር የገባኝ። እኛ «ከደንቡ ውስጥ ለኮምፒዩተር የሚያስቸግረው የትኛው ነው?» ብለን ጠየቅን፤ የሚያስቸግረውንም ልናወጣ ተነሣን። መጠየቅ የነበረብን «ሰዎቹ የተቀመጡት ለየትኛው ነው?» ብለን ነበር። በዲፕሎማሲ ለኮምፒዩተር የሚያስቸግረውና ሰዎቹ የተቀመጡለት አንድ ነገር ሆኖ ተገኘ። በሰንጠረዥም እንደዚያው እንደ ሆነ የነገሩን አንድ አዛውንት ናቸው።

እኒህ አዛውንት የአንዱ ጓደኛችን አያት ናቸው። ሰንጠረዥን በልጅነታቸው ከአባታቸው ተምረዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ በቤቱ ውስጥ የተማረ የለም። ወረራ የሌለበትን የመጀመሪያ ሥራችንን ይዘን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄድን። ስልኩን ከዐይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጫወቱ። አንድ ጊዜ ረቱት፤ ሁለተኛም ረቱት። እኛ ደስ ብሎን ቆመናል። ከዚያ ስልኩን መለሱልንና፤ «ጎሽ፤ ልጆቼ። እጁን አሟሟቀ። እንግዲህ መቼ ነው የምንጀምረው?» አሉን።

«አባባ፤ ጨረሱ እኮ፤ ሁለት ጊዜ አሸነፉት» አላቸው የልጅ ልጃቸው።

«እንዴት አድርጌ? ይኼ እኮ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ስሰለፍ አላየኝም፤ ሲሰለፍ አላየሁት። ሳንተያይ ነው ያሸነፍሁት?»

ከዚህ በኋላ ቡና ተፈላ፤ ጨርቁም ከሣጥን ወጣ። ሁለት መጫወቻ ጎድሎት ስለ ነበር በቆርኪ ሞሉት። ከልጅ ልጃቸው ጋር ወረራውን ሲያሳዩን ነው ነገሩን ያየሁት። እጃቸው ይፈጥናል፤ ዐይናቸው ግን ከገበታው ይልቅ በልጁ ፊት ላይ ነው። ልጁ በደሩ በኩል ሲያጠናክር እርሳቸው በዚያው በኩል መደቅ ይገፋሉ፤ ልጁ ፈርቶ ሲመልስ እርሳቸው በሌላው ጎን ፈረሱን አውጥተዋል። አንድ ጊዜ ፈረሳቸውን ለመበላት አጋልጠው ትተው ቡናቸውን አነሡ። ልጁ ሳያስብ በላው። ተራ ገባ፤ በዚያች ሰዓት የእርሳቸው ሠራዊት ሁሉ ተሰልፎ አልቋል፤ የእርሱ ገና ግማሽ ነው። በዘጠኝ ጉዞ ንጉሡን ያዙት። ወረራ ማለት መቼ ጦርነት እንደሚጀመር የሚወሰንበት ነው፤ ወሳኙም ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ነው። ይህን አውጥተን የምንሰጠው ነገር ንግሥቱ የተወሰደባት ደካማ ቼዝ እንጂ ሌላ አይሆንም። ያን የሚጫወት ሰው ደግሞ ቼዙን ራሱን ቢጫወት ይሻለዋል፤ ወንጀልም አይደለም።

ስለዚህ ዐሳቤን ለወጥሁ፤ ከእኔ ጋር ሁለቱ ተለወጡ፤ ሦስቱ አልተለወጡም። እኩል ለእኩል ሆነን ቀረን።

ወረራውን ማስገባት ከተፈለገ ግን እንዴት? መጀመሪያ የመጣልን፤ እንደ ዲፕሎማሲ እያንዳንዱ ሠራዊቱን በስውር ያሰልፍ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይገለጥ የሚል ነበር። ለኮምፒዩተርም ለኔትወርክም ይመቻል። ነገር ግን በዲፕሎማሲ አለመተያየቱ ነው ጨዋታው፤ በወረራ መተያየቱ ነው። ስለዚህ ተውነው። ሁለተኛው፤ በጣም ፈጣን ተራ እናድርግ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሴኮንድ የሚል ነው። ሞከርነው፤ ወረራ ሳይሆን የመቻኮል ፈተና ሆነ። በመጨረሻ ተራውን ጨርሶ አንሥተን ሁለቱም እንደ ልባቸው እንዲሄዱ ፈቀድን፤ ሰርቨሩ የደረሰውን በደረሰበት ቅደም ተከተል ይመዘግባል፤ ለሁለቱም ያሳያል።

በዚህ ጊዜ ያልጠበቅነው መጣ። ኮምፒዩተሩን ባላጋራ አድርጌ ስጀምር እጄን ሳላነሣ እርሱ ሰልፉን ጨርሶ ቆየኝ። ለካ ለእርሱ አንድ ሴኮንድ ማለት ለእኔ አንድ ሳምንት ነው። የሰው እጅ ያህል እንዲዘገይ፤ በሁለት ጉዞ መካከል ከአንድ ሴኮንድ ያላነሰ እንዲጠብቅ አስገደድነው። ቀጥሎ ሁለት ኮምፒዩተሮችን እርስ በርሳቸው አጋጥመን ማታ ትተናቸው ሄድን፤ ጠዋት ስንመለስ አንድም መጫወቻ አልተበላም። አንዱ ሲሰለፍ ሌላው ያፈርሳል፤ ሌላው ሲያፈርስ አንዱ ይለውጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ እንደዚሁ ሲሉ አድረዋል። ለኮምፒዩተር ትዕግሥት አያልቅበትም፤ ስለዚህ ወረራው አያልቅለትም። ሰው ይሰለቻል፤ ይናደዳል፤ ወይም እንደ አባባ ቡናው ይቀዘቅዝበታል። እንግዲህ ለፕሮግራሙ መሰልቸትን ማስተማር ነበረብን፤ ጊዜው በረዘመ ቁጥር መብላትን እያስወደደ የሚሄድ ቁጥር ጨመርንለት። የሰውን ስልቹነት በቁጥር መጻፍ እንዲህ ያለ የሚያስቅ ሥራ ነው።

የጓደኛችን የኔትወርክ ሙግት ግን አሁንም ቆሟል፤ ልሸሸውም አልፈልግም። ያቀረብሁት መካከለኛ መንገድ ይህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ለወረራው ብቻ ቀጠሮ ይያዙ፤ ወረራው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። የመጀመሪያው መጫወቻ ከተበላ በኋላ ጨዋታው በተራ ስለሚሆን፤ ያን ጊዜ ጠዋትና ማታ፤ መብራት ሲመጣ፤ ኔትወርክ ሲገኝ አንድ አንድ ይሂዱ። ሰንጠረዥ ራሱ ሁለት ክፍል ሆኖ ስለ ተሠራ፤ እኛም ለሁለቱ ክፍል ሁለት ዓይነት ጊዜ ብንሰጠው ደንቡን አላፈረስንበትም። ደግሞም ኔትወርክ ጨርሶ የማያስፈልግበት አለ፤ አንድ ታብሌት በሁለት ሰዎች መካከል እንደ ጨርቁ ይዘርጋ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በጣታቸው ይግፉ። ይህኛው ክፍል አሁን ይሠራል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ አልሄድም። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ እንዴት እንዳሸነፉ ይታያል። በተጻፈው መሠረት ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ሻካራ ሥራ ይቆጠራል፤ በፈርዝ፥ በፊል፥ ይልቁንም በመደቅ የያዘ ይመሰገናል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም፤ ጨዋታው በእኩል ይለያያል። ስለዚህ አሸናፊው የባላጋራውን ሠራዊት ሁሉ እንዳይጨርስ መጠንቀቅ አለበት። አንዱ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ፤ በደር የያዘ ሰው ነጥብ ይቀነስበት አለ። እኔ አልተስማማሁም። ይህ ሕግ ሳይሆን አፍ ነው፤ ዳማ በቆርኪ ሲጫወቱ ከኋላ የቆሙት ሰዎች የሚናገሩት ዓይነት አፍ ነው። ነጥብ ስንቀንስበት ሰው ነጥብ ይቈጥራል እንጂ አያፍርም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አይከለክልም፤ አይቀጣም፤ ነገር ግን ጨዋታው ሲያልቅ በማን እንደ ተያዘ ጽፎ ለሁለቱም ያሳያል፤ የቀረውን ስድብም ሆነ ምስጋና ሰዎቹ ይጨርሱት።

እንዲሁም የገበታ ጨዋታ በቃል የሚተላለፍ ስለ ሆነ በየቤቱ ይለያያል፤ ሰዎችም ሲለያዩ ተነጋግረው ያልፉታል። ኮምፒዩተር ግን መነጋገር አያውቅም፤ አንድ መልስ ጻፉልኝ ይላል። ለምሳሌ መደቁ ከገበታው ጫፍ ሲደርስ ምን ይሁን የሚለውን ከሦስት ሰዎች ጠይቀን ሦስት መልስ አገኘን። አንዱን መርጠን ሁለቱን ብንጥል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ስልኩ ያለው ሁሉ «ደንቡ ይህ ነው» ይላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ የሞቱት በእኛ እጅ ይሆናል። ስለዚህ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱ ተጫዋቾች ከሦስቱ አንዱን እንዲመርጡ አድርገናል። ይህ ሥራውን አዘገየው፤ ይሁን።

ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። በክረምቱ ዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ፤ ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካገኛችሁ፤ ደንቡን እንደ ተናገሩት፤ ሳታርሙ፤ ጻፉልን፤ በተለይም ስለ ወረራው የሚሉትን። ሁለተኛው ዛሬውኑ ነው። በዚህ አዳራሽ በስተኋላ ከመስኮቱ አጠገብ ሁለት ታብሌትና የአባባ ቀይ ጨርቅ ተዘርግተዋል፤ ጓደኞቼም ቆመዋል። መጥታችሁ ተጫወቱ፤ ያጣላን አንድ ጥያቄ ደግሞ ገና ስላልተፈታ ፍረዱልን፤ ሁለቱ ሰዎች በአንዲት ቅጽበት፤ አንዱ የሌላውን ፈረስ፤ ሌላውም የዚያኑ ደር ቢበሉ፤ ወረራውን የጨረሰው ማን ነው? ኮምፒዩተሩ ቀድሞ የደረሰለትን ያምናል፤ ይህም ኔትወርኩ የተሻለለትን ሰው ሁልጊዜ ይጠቅማል። አባባን ጠይቀናቸው ሳቁና፤ «እጅ ለእጅ ከተያዙ ሁለቱም ይመልሱ» አሉን። እንዲህ ብለን ጽፈን እየሞከርነው ነው፤ በኔትወርክ ላይ ግን ማን እንደ ቀደመ ማወቁ ገና አስቸግሮናል።